የግድግዳው ሰዓትና የሕፃኑ ሰዓት፡ የወቅት ሰዓት ለውጥና የሕፃናት እንቅልፍ

መግቢያ

እንቅልፍ ለሰው ልጅ እንደ ምግብና እንደ ውኃ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ለሕፃናት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከዕረፍትም ያልፋል። ሕፃን ልጅ የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው፣ ቀን ያየውንና የሰማውን በአእምሮው የሚያደራጀው ተኝቶ ሳለ ነው። እናቶቻችን ይህን በትምህርት ባያገኙትም ያውቁታል። "እንቅልፉን ሳይጠግብ አትቀስቅሱት" ሲሉ እንቅልፍን ከምግብ እኩል መቁጠራቸው ነው።

በአገራችን የልጅ እንቅልፍ በአዋጅ ሲነካ አይታይም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀየራል፤ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። ከመካከላችን በእነዚህ አገሮች እህት ወይም ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት የሌለው ብዙ አይመስለኝም። በስልክ ስናገኛቸው "ሰዓት ተቀየረብን እኮ፣ ልጁ አልተኛ ብሎ አደርን" ሲሉ እንሰማለን። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ አመል ያወጣ ይመስለዋል፤ ይቆጣል፣ አንዳንዴም እጁን ያነሳል። ሌላው ደግሞ ከሱቅ የእንቅልፍ ከረሜላ ይገዛል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው? የወላጁ ነው? ወይስ የሰዓቱ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመለስ ነው። በመጀመሪያ የሰዓት ለውጡ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሕፃን ልጅ ሰውነት ጊዜን በምን እንደሚያውቅ፣ በመጨረሻም ወላጆች በተግባር ምን ማድረግ እንደሚችሉ እናያለን። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የምንናገረው ስለ ውጭ አገር ሰዓት ስለሆነ ሰዓቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ 8 ሰዓት ሲባል የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከጠዋቱ 6 ሰዓት ሲባል የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ማለት ነው።

የሰዓት ለውጡ ምንድን ነው?

ፈረንጆቹ "ዴይላይት ሴቪንግ ታይም" የሚሉት አሠራር ሐሳቡ ቀላል ነው። በበጋቸው ወራት ፀሐይ በጣም በማለዳ ትወጣለች። ሰው ገና ተኝቶ ስለሆነ ያ ብርሃን ሳይሠራበት ያልፋል። ስለዚህ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ብንገፋው ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ ይነሳል፣ ማታም ሳይጨልም ወደ ቤቱ ይገባል የሚል ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሌት እ.ኤ.አ. በ1907 ለዚህ ሐሳብ በራሪ ጽሑፍ አሳትሞ ብዙ ተከራክሯል። በአገር ደረጃ ቀድማ ሥራ ላይ ያዋለችው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል እ.ኤ.አ. በ1916 የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ የፈለገችው ጀርመን ነበረች። አሜሪካ በ1918 ተከተለች።

ዛሬ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል።

በአሜሪካ፡ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሰዓት ወደ ፊት የሚዞረው በማርች ወር ሁለተኛው እሑድ ነው። ይህም በእኛ የካቲት ማለቂያ ወይም መጋቢት መግቢያ ላይ ይውላል። ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሆን 3 ሰዓት ይባላል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። ሐዋይና አብዛኛው የአሪዞና ግዛት ሰዓት አይቀይሩም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፡ በማርች የመጨረሻው እሑድ ወደ ፊት፣ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ወደ ኋላ ይዞራል። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ለውጡ እንዲቀር ድምፅ ቢሰጥም አባል አገሮቹ ስላልተስማሙ አልተተገበረም።

በእስራኤል፡ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ባለው ሕግ "ሻኦን ካይትስ" የሚባለው የበጋ ሰዓት የሚጀምረው በማርች ከመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሌሊት ነው። የሚያበቃው በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሌሊት ነው። የሥራ ሳምንት እዚያ እሑድ ስለሚጀምር፣ በማርች ቤተሰቡ ዓርብንና ቅዳሜን መለማመጃ ያገኛል። በኦክቶበር ግን ለውጡ በሌሊት ተደርጎ በማግስቱ ት/ቤት ነው።

የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሰዓት ስለማይቀይሩ በዱባይ ወይም በሪያድ ያሉ ወገኖቻችን ይህ ጣጣ የለባቸውም።

እኛ ዘንድ ለምን የለም?

መልሱ ከመልክዓ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ያላቸው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። በዋሽንግተን ግን ረጅሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ሲጠጋ አጭሩ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ስቶክሆልም ሲኬድ ደግሞ በበጋ ከ18 ሰዓት በላይ ብርሃን ይኖራል፣ በክረምት 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ይቀራል።

የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ራሱ የፀሐይ ልጅ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ "አንድ ሰዓት" እንላለን። በእኛ አገር የግድግዳው ሰዓትና የሰማዩ ሰዓት ብዙም አይጣሉም። ነገሩ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን የሕፃን ልጅ ሰውነትም ጊዜን የሚያውቀው በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በብርሃን ስለሆነ ነው።

የሰውነት ሰዓት እንዴት ይሠራል?

በአንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ከዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ይገኛል። ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክሊየስ ይባላል። ዋናው የሰውነት ሰዓት ይህ ነው። መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ የሰውነት ሙቀት መቼ ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ረሃብ መቼ እንደሚሰማን ይወስናል። ይህ ዓይነቱ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሰዓቱ ግን አንድ ጉድለት አለው። ብቻውን ከተተወ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በየቀኑ መስተካከል አለበት። የሚያስተካክለው ደግሞ በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ሰዓቱን ወደ ፊት ያስቀድመዋል፣ የማታ ብርሃን ወደ ኋላ ያዘገየዋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለሚያስታውስ አንባቢ የምመርጥለት ይህንን ነው።

ማታ ሲጨልም ፓይኒያል የተባለው ዕጢ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። ሜላቶኒን ለሰውነት "መሽቷል፣ ተዘጋጅ" የሚል መልእክተኛ ነው። ደማቅ ብርሃን ሲመጣ መልእክተኛው ይቆማል። በሕፃናት ላይ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 10 ልጆች ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት በደማቅ ብርሃን ላይ እንዲጫወቱ ተደረገ። የሜላቶኒን መጠናቸው በ88 በመቶ ገደማ ወረደ። ብርሃኑ ከጠፋ 50 ደቂቃ በኋላም በአብዛኞቹ ሆርሞኑ ወደ ቦታው አልተመለሰም ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ልጆች ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሕፃን ልጅ የዓይን ብሌን ሰፊ፣ የዓይኑ ሌንስም የጠራ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ብርሃን ያስገባል።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የግድግዳውን ሰዓት በአንድ ደቂቃ ማዞር ይቻላል፤ ስልኩማ ራሱ ይዞራል። የሕፃኑን ሰዓት ግን ጣት አያዞረውም፣ ቁጣም አያዞረውም። በብርሃን፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ነው የሚዞረው።

ለምን በሕፃናት ላይ ይከብዳል?

አዋቂ ሰው እንቅልፍ ሲጎድልበት ቡና ጠጥቶ ይውላል። ሕፃን ልጅ እንዲህ ማድረግ አይችልም። እንቅልፍ ያነሰው ሕፃን ይደክማል ብለን ብንጠብቅም ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ይቅበጠበጣል፣ በትንሽ ነገር ያለቅሳል፣ ምግብ ይገፋል፣ ማታ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለደከመ ለመተኛት ይታገላል። ብዙ ወላጅ አመል ነው የሚለው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ልጁ የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን ብዙ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ ከ4 እስከ 12 ወር ያሉ ሕፃናት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉት ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ማለዳ ወደ ዴይኬር የሚወሰድ ልጅ ይህን ለመሙላት ማታ በጊዜ ከመተኛት ሌላ አማራጭ የለውም።

በምሳሌ እንየው። አንድ የ3 ዓመት ልጅ ዘወትር ከምሽቱ 8 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 6፡30 ይነሳል እንበል። በማርች ሰዓቱ ወደ ፊት ሲዞር እናቱ በአዲሱ ሰዓት 8 ላይ ታስተኛዋለች። ለሰውነቱ ግን ገና 7 ሰዓት ነው።  ልጁ እስከ 9 ሰዓት ይገላበጣል። ሰኞ ጠዋት 6፡30 ላይ ስትቀሰቅሰው ለሰውነቱ 5፡30 ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት ጎደለው ማለት ነው።

በኖቬምበር ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። በአዲሱ ሰዓት 8 ላይ ሲተኛ ለሰውነቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከመጠን በላይ ደክሞ ይነጫነጫል። ጠዋት ደግሞ ሰውነቱ እንደለመደው ሲነቃ የግድግዳው ሰዓት 5፡30 ይላል። "አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ይገኛል" የሚባለው ልጅ ለሌላቸው ሰዎች ነው።

ሰዓት ወደ ፊት ሲዞር ምን ይደረግ?

ዋናው ዘዴ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው የአባቶች አባባል ነው። አንዱን ሰዓት በአንድ ሌሊት ከማሻገር በአራት ቀን ከፋፍሎ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ማስቀደም ነው። ልጁ የሚተኛው ከምሽቱ 8 ሰዓት ከሆነ በአሜሪካ አቆጣጠር እንዲህ ይሆናል፡

ረቡዕ ማታ 7፡45
ሐሙስ ማታ 7፡30
ዓርብ ማታ 7፡15
ቅዳሜ ማታ 7፡00
እሑድ ማታ በአዲሱ ሰዓት 8፡00 (በድሮው 7፡00)

የሚቀደመው የመኝታ ሰዓት ብቻ አይደለም። ጠዋት የሚነሳበት፣ የሚበላበት፣ የቀን እንቅልፍ የሚተኛበትና ገላውን የሚታጠብበትም በዚያው ልክ መቅደም አለበት። ጠዋት እስከ አርፍዶ እየተኛ ማታ ቶሎ ተኛ ቢባል አይሆንለትም። እንዲያውም ሥራው የሚጀምረው ከጠዋቱ ነው። 15 ደቂቃ ቀደም አድርጎ በእርጋታ መቀስቀስ፣ ወዲያው መጋረጃውን መክፈት፣ ቢቻል ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወደ ዴይኬር የሚወስደውን መንገድ ጥቂት በእግር መሄድ ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ትልቁን መብራት አጥፍቶ ትንሹን ማብራት፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ማራቅ ይገባል። በማርች ከለውጡ በኋላ በዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 7 ሰዓት ገደማ ሲሆን በጁን ደግሞ 8፡30 አልፎ ነው። ልጁ "ገና አልመሸም እኮ!" ቢል እውነቱን ነው። ክርክሩን የሚያሸንፈው ወፍራም መጋረጃ ነው።

አንድ ነገር ላክል። ሁልጊዜ በጣም ማለዳ፣ ለምሳሌ 5፡30 ላይ የሚነሳ ልጅ ያላቸው ወላጆች በማርች ምንም ባያደርጉም ይሻላቸዋል። ለውጡ ራሱ 6፡30 ያደርግላቸዋልና።

ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ምን ይደረግ?

በኖቬምበር የምንፈልገው የልጁ ሰዓት እንዲዘገይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ረቡዕ 8፡15፣ ሐሙስ 8፡30፣ ዓርብ 8፡45፣ ቅዳሜ 9፡00 ላይ ይተኛል። እሑድ በአዲሱ ሰዓት 8፡00 ሲሆን በድሮው 9፡00 ስለሆነ ልጁ ደርሷል ማለት ነው። አመሻሹ ላይ ብርሃን ማብዛት ይጠቅማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጭ ማጫወት፣ ከእራት በፊት የሳሎኑን መብራት በደንብ ማብራት ጥሩ ነው። ከለውጡ በኋላ በዋሽንግተን ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚጨልም ይህን ብርሃን ሆን ብሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ትልቁ ፈተና ግን የማለዳው መንቃት ነው። ልጁ 5 ሰዓት ላይ ነቅቶ "ማሚ!" ሲል መብራት አብርቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ቁርስ ማቅረብ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ብርሃንና ምግብ ለሰውነቱ "ነግቷል" ብሎ መንገር ነው። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ይነቃል። የሚሻለው ክፍሉን ጨለማ አድርጎ ማቆየት፣ በዝቅተኛ ድምፅ "ገና ሌሊት ነው" ማለት፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ መጠበቅ ነው። የመነሻው ሰዓት በየቀኑ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ እየተገፋ ይሄዳል። ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ በራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ልጁ ሰዓት ማንበብ ባይችልም መብራት መብራቱንና አለመብራቱን ይለያል።

በዕድሜ ያለው ልዩነት

አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት ሰዓት ገና አልገነባም። ሰዓቱ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ጨቅላ ሕፃን ለሰዓት ለውጥ መዘጋጀት አያስፈልገውም። ሲርበው ይጠባል፣ ሲደክመው ይተኛል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉት በጣም ሲደክሙ ስለሚረበሹ 15 ደቂቃው ቢከብዳቸው 10 ደቂቃ ማድረግና ቀኖቹን ማብዛት ይቻላል። የቀን እንቅልፋቸውን "ማታ እንዲተኛ" ብሎ መከልከል ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከ3 ዓመት በላይ ላሉት ነገሩን መንገር ራሱ ዝግጅት ነው። "ከነገ ወዲያ ሰዓታችን ይቀየራል፣ ጠዋት አብረን መጋረጃ እንከፍታለን" ሲባል ልጁ የሥራው ተካፋይ ይሆናል።

በእኛ ሰዎች ቤት የሚገጥሙ ነገሮች

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር ጥሩ ቢሆንም የእኛን ሰው ኑሮ ሁሉ አይሸፍንም። ለምሳሌ ሰዓት የሚቀየርበት እሑድ የቅዳሴ ቀን ነው። የማርቹ ለውጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ልጆቻቸውን ለማቁረብ ገና ሳይነጋ የሚነሱ ቤተሰቦች አሉ። ለእነዚህ ዝግጅቱን ከረቡዕ መጀመር የግድ ነው። ቅዳሜ ማታ እንግዳ አለመጥራት፣ ክርስትና ወይም ሌላ ድግስ ካለም ልጁን በጊዜ ማስወጣት ይጠቅማል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጁ ቢተኛ ይተኛ፤ ግን እስከ ማታ እንዳይዘልቅ።

ሁለተኛው ልጅ ለመያዝ ከአገር ቤት የሄዱ አያቶች ጉዳይ ነው። እማማ ልጁን አዝለው፣ እሹሩሩ ብለው ሲያስተኙት የሚያህል የለም። እሳቸው ግን በፀሐይ የኖሩ ናቸውና "በብርሃን እንዴት ይተኛል?" ቢሉ አያስገርምም። "በሰዓቱ አስተኚው" ብሎ ከማዘዝ ይልቅ "እማማ፣ መጋረጃውን በዚህ ሰዓት ይዝጉልን፣ እርስዎ ሲያዝሉት ይተኛል" ማለት ሁለቱንም ያስማማል። የእሳቸው እሹሩሩ ከየትኛውም ሰዓት የተሻለ የመኝታ ምልክት ነው። ወደ አገር ቤት የሚደረገው ስልክም አለ። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። ልጁ የሚወደው የቪዲዮ ጥሪ በመኝታ ሰዓቱ ላይ እንዳይመጣ አዲሱን ልዩነት ለዘመድ መንገር ይገባል።

ሦስተኛው የፈረቃ ሥራ ነው። አባት ሌሊት ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ፣ እናት በሆስፒታል ወይም በመጦሪያ ቤት ስትሠራ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ መቁጠር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ጠዋት መጋረጃ መክፈት። ሁለተኛ፣ ማታ መብራት መቀነስ። ሦስተኛ፣ የመኝታው ቅደም ተከተል አለመቀየር፤ ለምሳሌ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ አጭር ተረት፣ መብራት ማጥፋት። እናት ብታስተኛው አባት፣ ቅደም ተከተሉ አንድ ከሆነ ልጁ ያውቀዋል። ምንም ቅድመ ዝግጅት ባይደረግ እንኳ ልጁ በእነዚህ ሦስቱ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

ወላጆች የራሳቸውንም እንቅልፍ መርሳት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ሰዓት ወደ ፊት በተገፋበት ሳምንት ሰው የሚሞትባቸው የመኪና አደጋዎች በ6 በመቶ ገደማ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስነሳው ያደረ ሾፌር በዚያ ሳምንት ሰኞ ጠዋት መሪ ሲይዝ ይህን ቢያስብ ይበጃል።

የእንቅልፍ ከረሜላን በተመለከተ

በአሜሪካ ሜላቶኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ምግብ ማሟያ ይሸጣል። ለልጆች በከረሜላ መልክ የተሠራም አለ። ችግሩም ይኸው ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ ሜላቶኒን ስለዋጡ ልጆች ለመርዝ መከላከያ ማዕከላት የሚደርሰው ሪፖርት ከ2012 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በ530 በመቶ ጨምሯል። ልጅ ከረሜላና መድኃኒት አይለይም። የማሟያዎች ቁጥጥርም እንደ መድኃኒት ጥብቅ ስላልሆነ በዕቃው ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በአንድ ሳምንት በራሱ ለሚስተካከል ነገር ሆርሞን መስጠት አያስፈልግም። የግድ ከሆነም የሕፃናት ሐኪም ሳያማክሩ መሆን የለበትም። የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ "ያስተኛዋል" ብሎ መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልተስተካከለ፣ ወይም ተኝቶ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ግን ምክንያቱ የሰዓት ለውጥ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የሰዓት ለውጥ የሰዎች ስምምነት ነው፤ የሕፃን ልጅ ሰውነት ደግሞ የዚህ ስምምነት አካል አይደለም። እሱ የሚያውቀው ብርሃንና ጨለማን፣ ረሃብና ጥጋብን፣ የእናቱንና የአባቱን ድምፅ ነው። በጥያቄያችን መሠረት ጥፋቱ የልጁም የወላጁም አይደለም። ሁለት ሰዓቶች ለጥቂት ቀናት ሳይገናኙ ቀርተዋል ማለት ብቻ ነው። እነሱን ለማገናኘት ጠዋት ብርሃን፣ ማታ ጨለማ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃና የማይቀያየር የመኝታ ሥርዓት ይበቃሉ። ለኖቬምበሩ ለውጥ የብርሃኑን ነገር መገልበጥ ብቻ ነው፤ አመሻሹን ማብራት፣ ማለዳውን ማጨለም።

የሰዓት ለውጡ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር በየአገሩ አለ። የአሜሪካ ሴኔት እ.ኤ.አ. በ2022 የበጋውን ሰዓት ቋሚ የሚያደርግ ረቂቅ አጽድቆ ነበር፣ ነገር ግን በሌላኛው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ ለሰውነት የሚስማማው የክረምቱ፣ ማለትም ለፀሐይ የቀረበው ሰዓት ነው ይላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን ልጆች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ማልቀሳቸው አይቀርም። እኛም እዚህ ሆነን ልንረዳቸው እንችላለን። በሚቀጥለው ጊዜ እህታችን ደውላ "ልጁ አመል አወጣብኝ" ስትል "ቀኑ መቼ ነው? ሰዓት ተቀይሯል እንዴ?" ብለን ብንጠይቃት ምናልባት አንድ ልጅ ከቁጣ፣ አንዲት እናትም ከጸጸት ትድናለች።